ሺዕራና ስውር ጓደኛዋ



በወጣቶቻችን መካከል ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፉ አንዳንድ ጽሑፎች ስለ አንዲት ኮከብ አጥብቀው ሲያወሱ ይታያል። ኮከቧ ሺዕራ ናት። አውሮፓውያን ሲሪየስ ይሏታል። ሌሊት ከሚታዩት ከዋክብት ሁሉ እጅግ ደማቋ እርሷ ስትሆን በሱረቱ አን-ነጅም 49ኛ አንቀጽ ላይም በስሟ ተጠቅሳለች። የጽሑፎቹ ፍሬ ነገር የሚከተለው ነው፦ ሺዕራ አንዲት ኮከብ ሳትሆን ሁለት ናት፤ ሁለቱ እርስ በርስ አንድ ጊዜ ለመዞር 49.9 ዓመት ይፈጅባቸዋል፤ የሱራው 49ኛ እና 9ኛ አንቀጾች ቁጥር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ይህንኑ 49.9 ይሰጣል።

ይህን ያነበበ ወጣት ልቡ ቢሞቅ አይፈረድበትም። እኛ ግን ነገሩን ከመቀበላችንም ሆነ ከመጣላችን በፊት ጥቂት ጥያቄዎች ማንሳት ይገባናል። ሁለት ከዋክብት «እርስ በርስ ይዞራሉ» ማለት ምን ማለት ነው? ማን በማን ዙሪያ ነው የሚዞረው? ዓመቱንስ ማን፣ በምን ለካው? (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እስኪ ከቤታችን እንጀምር። አንድ አባት የልጁን ሁለት እጆች ይዞ ሲያሽከረክረው አይታችሁ ይሆናል። ልጁ እግሮቹ ከመሬት ተነሥተው በሰፊው ይዞራል፤ እየሳቀም ይጮኻል። የሁላችንም ዓይን ልጁ ላይ ነው። አባትየውን ግን ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ወደ ኋላው ጋደል ብሎ፣ እግሮቹን እያቀያየረ እርሱም በጠባቡ ይዞራል። ቀጥ ብዬ ልቁም ቢል ልጁ ጎትቶ ያንገዳግደዋል። ልጁ አድጎ ክብደት ሲጨምር የአባትየውም ክብ እየሰፋ ይሄዳል። ሁለት እኩያ ወንድማማቾች እጅ ለእጅ ተያይዘው ቢሽከረከሩ ደግሞ የሁለቱም ክብ እኩል ነው። የሚዞሩበት ነጥብ በመካከላቸው፣ ማንም በሌለበት ባዶ ስፍራ ላይ ይሆናል።

ሊቃውንት ይህን ነጥብ የጋራ የክብደት ማዕከል ይሉታል። ሕጉ ገበያ ላይ ካለው ሚዛን የተለየ አይደለም። ከባዱ ወደ ነጥቡ ይቀርባል፤ ቀላሉ ከነጥቡ ይርቃል። አንደኛው የሌላኛውን ሁለት እጥፍ ቢመዝን ርቀቱ የዚያኛው ግማሽ ይሆናል። እንግሊዛዊው አይዛክ ኒውተን በ1687 ባሳተመው ታላቅ መጽሐፉ ፀሐይ ራሷ ፍጹም የቆመች እንዳልሆነችና በዚህ የጋራ ማዕከል አካባቢ እንደምትንቀሳቀስ አስረድቷል። በሰማይ ላይ እጅ ለእጅ የሚያያይዝ ክንድ የለም፤ የክንዱን ሥራ የሚሠራው ስበት ነው።

«ጨረቃ በመሬት ዙሪያ ትዞራለች» እያልን ልጆቻችንን እናስተምራለን። አልተሳሳትንም፤ ግን አባትየውን ረስተነዋል። መሬት የጨረቃን 81 እጥፍ ያህል ትመዝናለች። በመካከላቸው ያለው ርቀት በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ነው። ይህን ርቀት በ82 ድርሻ ብንከፍለው 81ዱ ድርሻ ለጨረቃ፣ አንዱ ድርሻ ለመሬት ይደርሳል። አንዱ ድርሻ ወደ 4,700 ኪሎ ሜትር ነው። ከመሬት እምብርት እስከ ገጿ ያለው ርቀት ደግሞ 6,371 ኪሎ ሜትር በመሆኑ የሁለቱ የጋራ ማዕከል ከእግራችን በታች ወደ 1,700 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ፣ እዚሁ መሬት ውስጥ ይገኛል ማለት ነው። የረመዷንን ጨረቃ ፍለጋ አንጋጠን ስንቆም፣ የቆምንባትም መሬት በዚያ ነጥብ ዙሪያ የ27.3 ቀን ትንሽ ዙሯን እየዞረች ነው። (የወሩ ርዝመት 29 ወይም 30 ቀን የሚሆነው በዚያው ጊዜ መሬትና ጨረቃ ተያይዘው በፀሐይ ዙሪያ ስለሚጓዙ ነው። ጨረቃ ከፀሐይ ጋር ወደነበራት አቀማመጥ ለመመለስ ሁለት ቀን ያህል ተጨማሪ መንገድ ይቀራታል።)

ማዕከሉ ሁልጊዜ በትልቁ አካል ውስጥ ይውላል ማለት ግን አይደለም። ፀሐይ የጁፒተርን ከ1,000 እጥፍ በላይ ብትመዝንም ርቀታቸው 778 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ስለሆነ የሁለቱ የጋራ ነጥብ ከፀሐይ ገጽ ጥቂት ወጣ ብሎ ባዶ ሕዋ ላይ ነው። ፕሉቶና በ1978 የተገኘችው ጨረቃዋ ካሮን ደግሞ እንደ ታላቅና ታናሽ ወንድማማች ናቸው። ካሮን የፕሉቶን አንድ ስምንተኛ ያህል ስለምትመዝን ሁለቱም ከሁለቱም ውጭ በሆነ ነጥብ ዙሪያ በ6.4 ቀን ይዞራሉ።

አሁን ወደ ሺዕራ እንመለስ።

ዐረቦች ሁለት ሺዕራዎች ያውቁ ነበር። ደማቋን ወደ የመን አቅጣጫ ስለምትጠልቅ «የየመኗ ሺዕራ» ሲሏት፣ ከእርሷ ሰሜን ያለችውን «የሻሟ ሺዕራ» ይሏታል። አውሮፓውያን ሁለተኛዋን ፕሮሲዮን ብለው ይጠሯታል። በጥንቱ ተረት ሁለቱ የሱሀይል ኮከብ እህቶች ናቸው። ሱሀይል ወደ ደቡብ ሲሸሽ አንደኛዋ ሰማይን የሚያቋርጠውን ነጭ የከዋክብት ወንዝ ተሻግራ ተከተለችው፤ «ዐቡር»፣ ተሻጋሪዋ ተባለች። ሌላኛዋ እዚያው ቀርታ ዓይኗ እስኪደክም አለቀሰች። ተረት ተረት ነው፤ ነገር ግን ሁለቱ እህትማማቾች በአንድ ታሪክ ውስጥ እንደገና እንደሚገናኙ ልብ ይሏል።

ታሪኩ የሚጀምረው ጀርመን ውስጥ ነው። ፍሪድሪሽ ቪልሄልም ቤሰል ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አልተማረም። በ14 ዓመቱ ብሬመን ከተማ ውስጥ በአንድ የአስመጪና ላኪ ንግድ ቤት ሥራ ለመልመድ ተቀጠረ። የንግድ መርከቦች ባሕር ላይ መንገዳቸውን በከዋክብት እንዴት እንደሚያገኙ ለማወቅ ጓጉቶ ማታ ማታ በራሱ ጥረት ሒሳብና ሥነ ፈለክ አጠና። ኋላም በኮኒግስበርግ ከተማ የከዋክብት መመልከቻ ማዕከል ኃላፊ ሆነ። ይህች ከተማ ዛሬ ካሊኒንግራድ ተብላ በሩሲያ ሥር ናት። ቤሰል የሚታወቀው በትዕግሥቱ ነው። የከዋክብትን አቀማመጥ ለዓመታት ይለካል፤ ከእርሱ በፊት የነበሩ ሰዎች የለኩትንም ያርማል፤ ያነጻጽራል።

ከዋክብት የቆሙ ይምሰሉን እንጂ ይጓዛሉ። ጉዞአቸው ግን ከሩቅ ሲታይ እጅግ አዝጋሚ ነው። ሺዕራ በሰማይ ላይ የሙሉ ጨረቃን ስፋት ያህል ለመጓዝ ወደ 1,400 ዓመት ይፈጅባታል። ከሂጅራ እስከ ዛሬ ባለው ዘመን ሁሉ የተጓዘችው ይህንኑ ያህል ነው ማለት ነው። ብቻዋን የምትጓዝ ኮከብ መንገዷ ቀጥ ያለ መስመር መሆን አለበት። ቤሰል መዛግብቱን ሲያነጻጽር የሺዕራ መንገድ ቀጥ ያለ ሆኖ አላገኘውም። አንድ ጊዜ ወደ አንድ ጎን፣ ሌላ ጊዜ ወደ ሌላ ጎን በጥቂቱ ትጠማዘዛለች። የፕሮሲዮንም መንገድ እንደዚያው ነበር።

ታዲያ ምን ይባላል? መሣሪያው ተሳስቷል ማለት ይቻላል፤ የስበት ሕግ ሩቅ ቦታ ላይ አይሠራም ማለትም ይቻላል። ቤሰል የመረጠው ሦስተኛውን መንገድ ነው። አባትየው ሲንገዳገድ ካየን፣ ልጁ ባይታየንም እንኳ እጁን የያዘው አንድ ልጅ አለ ማለታችን አይቀርም። በ1844 ሁለቱም ሺዕራዎች የማይታይ ከባድ ጓደኛ እንዳላቸው አስታወቀ። ሐሳቡን ያጠናከረበት ምክንያት ለዚህ ጸሐፊ ከግኝቱ ያላነሰ ይመስለዋል፦ ብርሃን የክብደት የግድ መለያ አይደለም፤ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ከዋክብት መታየታቸው ሌሎች የማይታዩ አለመኖራቸውን አያረጋግጥም። ቤሰል ከሁለት ዓመት በኋላ በ1846 ስውሩን ጓደኛ ሳያየው ሞተ።

አሥራ ስምንት ዓመት አለፈ። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ካምብሪጅፖርት በተባለ ስፍራ የክላርክ ቤተሰብ ሌንስ እየሞረደ ይሸጥ ነበር። አባትየው ቀድሞ የሰው ምስል ሠዓሊ ነበሩ፤ ሁለቱ ልጆቻቸውም በሙያው አብረዋቸው ይሠሩ ነበር። በወቅቱ 47 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ትልቅ ሌንስ ለሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ አዘጋጅተው ነበር። ጥር 31 ቀን 1862 ማታ ልጃቸው አልቫን ግራሃም ሌንሱን ለመፈተን ወደ ሺዕራ አነጣጠረው። ከደማቋ ኮከብ አጠገብ አንዲት ደብዛዛ ነጥብ ታየችው። የሌንስ ሠሪ የመጀመሪያ ሐሳቡ «ሌንሴ እንከን አለበት» ነው፤ የዚህ ሌንስ ሠሪ ግን እንከን አልነበረም። ነጥቧ ያለችው ስሌት በጠበቀው አቅጣጫ ነበር። ሌንሱ የእርስ በርስ ጦርነቱ ስለ ተነሣ ሚሲሲፒ ሳይደርስ ቀርቶ ወደ ቺካጎ ተሸጠ። የሻሟ ሺዕራ ጓደኛ ደግሞ በ1896 በካሊፎርኒያ በሚገኘው የሊክ ማዕከል ታየ። ሁለቱ እህትማማቾች የአንድ ሰው ትንበያ በሁለቱም ላይ እውን ሆኖ ተገናኙ።

ጓደኛው ለምን ለማየት አስቸገረ? ሺዕራ ከእርሱ ወደ አሥር ሺህ ጊዜ ገደማ ስለምትደምቅ ነው። በመኪና ትልቅ መብራት አጠገብ ያለች የክብሪት እሳት ማን ያያል?

አሁን ወደ ሚዛኑ እንምጣ። ወጣቶች እርሳስና ወረቀት ይዛችሁ ተከተሉን፤ ሁለት ኮከቦችን ቤታችሁ ተቀምጣችሁ ትመዝናላችሁ። የሚያስፈልጉት ሁለት ቁጥሮች ናቸው። አንደኛው በሁለቱ መካከል ያለው አማካይ ርቀት ነው፤ ከመሬት እስከ ፀሐይ ያለውን ርቀት እንደ አንድ ብንቆጥረው 19.8 ይሆናል። ሁለተኛው አንድ ዙር የሚፈጀው ጊዜ ነው፤ 50.1 ዓመት። ርቀቱን ሦስት ጊዜ ጻፉና አባዙት፦ 19.8 በ19.8 በ19.8፣ 7,762 ይመጣል። ዓመቱን ሁለት ጊዜ አባዙ፦ 50.1 በ50.1፣ 2,510 ይሆናል። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍሉ፤ 3.09። ሁለቱ ኮከቦች አንድ ላይ ሦስት ፀሐይ ያህል ይመዝናሉ ማለት ነው!

ድርሻቸውን ለማወቅ ደግሞ የአባትና የልጁን ክብ እናነጻጽራለን። የስውሩ ጓደኛ ክብ ከሺዕራ ክብ በሁለት እጥፍ ይሰፋል። ስለዚህ ሦስቱ ድርሻ ሁለት ለአንድ ይከፈላል፤ ሺዕራ ሁለት ፀሐይ፣ ጓደኛዋ አንድ ፀሐይ ያህል ይሆናሉ። ያ ደብዛዛ ነጥብ የእኛን ፀሐይ ያህል ይመዝናል! ኋላ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ብርሃኑ ሲመረመር እጅግ ትኩስ፣ ስፋቱ ግን ከመሬት የማይበልጥ ሆኖ ተገኘ። ፀሐይን የሚያህል ክብደት በመሬት ስፋት ውስጥ ታምቋል። ከእርሱ አንድ የስኳር ድቡልቡል የምታህል ብትቆረስ በምድራችን ሚዛን ከሁለት ቶን በላይ ትከብዳለች። ይህን ሁሉ ማንም እዚያ ሄዶ አላመጣውም። ሺዕራ ከእኛ 8.6 የብርሃን ዓመት ትርቃለች። የመጣው በአንዲት ኮከብ መንገድ ላይ ከታየ ጥቂት መጠማዘዝ ነው።

እንግዲህ 49.9 ወደሚለው ቁጥር እንመለስ። በቀደሙ መጻሕፍት ይህን የሚቀርብ ቁጥር ይገኝ ነበር። የሚለካ ነገር ነውና መሣሪያው ሲሻል ቁጥሩም ይሻሻላል። የሃብል ቴሌስኮፕ ለዓመታት ያነሣቸው ፎቶግራፎች ተጨምረው በ2017 የታተመው ስሌት 50.13 ዓመት ይላል። ልዩነቱ ትንሽ ነው ይባል ይሆናል። በቁጥር ግጥምጥሞሽ ላይ ለቆመ ክርክር ግን ትንሽ አይደለም፤ ሙሉ በሙሉ ያፈርሰዋል። ሌላም አለ። ይህ ዓመት የፀሐይ ዓመት ነው። ጾማችንንና ሐጃችንን በምንቆጥርበት በጨረቃ ዓመት ብናሰላው ወደ 51.7 ይሆናል። የትኛው ዓመት ይወሰድ? የሻሟ ሺዕራና ጓደኛዋ ደግሞ በ40.8 ዓመት ይዞራሉ፤ ለዚህ ቁጥር አንቀጽ የፈለገለት አላጋጠመንም።

ከሁሉ በላይ ደግሞ የአንቀጾቹ ጉዳይ አለ። 9ኛው አንቀጽ የሚናገረው ስለ ወሕይና ስለ መቅረብ ነው፤ ከኮከብ ዙር ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። 49ኛውን በተመለከተ ሙፈሲሮች የሚያወሱት ከእስልምና በፊት ከዐረቦች መካከል ሺዕራን ያመልኩ የነበሩ መኖራቸውን ነው፤ በተለይ የኹዛዓን ጎሣ ይጠቅሳሉ። ለእነዚያ ሰዎች የተነገራቸው የሚያመልኳት ኮከብ ራሷ ጌታ ያላት መሆኗን ነው። ይህ መልእክት ያለ ምንም ክፍልፋይ ቁጥር የተሟላ ነው። እምነቱን በ49.9 ላይ የሰቀለ ወጣት ነገ ትምህርት ቤት ገብቶ 50.13 ሲያነብ ምን ይሰማዋል? ቁጥሩን ያቀበሉት ታላላቆቹ ይህን አስበውበት ነበር ለማለት ያስቸግራል። በቅን ልቦና ያደረጉት መሆኑን አንጠራጠርም፤ ቅን ልቦና ግን የልኬትን ሥራ አይተካም። ዐብዱረሕማን አስ-ሱፊ በ964 ገደማ ስለ ከዋክብት መጽሐፉን ሲያዘጋጁ የቀደመው የግሪኮች መዝገብ ያለውን ብቻ ደግመው አልጻፉም፤ በዓይናቸው እየተመለከቱ የከዋክብቱን ድምቀት መዝነው አረሙት።

የቤሰል መንገድ ዛሬም ሥራ አልፈታም። በ1995 ሚሼል ማዮርና ዲዲየ ኬሎ የተባሉ ሁለት የስዊዘርላንድ ሊቃውንት ፔጋሰስ በተባለው ኅብረ ኮከብ ውስጥ የምትገኝ ፀሐይ መሰል ኮከብ በየአራት ቀኑ ወዲህና ወዲያ ስትል አዩ። ፍጥነቷ በሰከንድ 60 ሜትር እንኳ አይሞላም። እጇን የያዘው «ልጅ» የጁፒተርን ግማሽ ያህል የሚመዝን ፕላኔት ነበር። ከእኛ ፀሐይ ሌላ ፀሐይ መሰል ኮከብን ሲዞር የተገኘ የመጀመሪያው ፕላኔት እርሱ ሲሆን ሁለቱ ሰዎች በ2019 የኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል። ከዚያ ወዲህ በዚህና በሌሎች ዘዴዎች የተገኙት ፕላኔቶች ከ5,000 በላይ ናቸው።

ሺዕራን ለማየት ቴሌስኮፕ አያስፈልግም። በየካቲት ወር ከዒሻ ሶላት በኋላ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ደጅ ውጡ። ፊታችሁን ወደ ደቡብ አዙሩና ቀና በሉ። ከራሳችሁ በላይ ወደ ቀኝ በኩል በአንድ መስመር የተደረደሩ ሦስት ከዋክብት ታገኛላችሁ። መስመራቸውን ወደ ግራና ወደ ታች ብትከተሉት ነጭ ሆና የምታብረቀርቅ ደማቅ ኮከብ ላይ ያደርሳችኋል፤ ሺዕራ እርሷ ናት። የሻሟ እህቷ ከራሳችሁ አናት ትይዩ ናት። ስውሩን ጓደኛ በዓይን አታዩትም። በደህና ቴሌስኮፕ ለሚፈልጉት ግን ጊዜው መልካም ነው፤ በ2019 ከሺዕራ እጅግ ርቆ ስለነበር በእነዚህ ዓመታት ከብርሃኗ ገለል ብሎ ይገኛል። ከዚያ ቀስ በቀስ እየቀረበ ሄዶ በ2044 ገደማ እንደገና በድምቀቷ ውስጥ ይሰወራል።